የታሰረው ሻንጣ ይፈታ

  

በዛሬው ዓምዳችን ስለ ቤት ዕቃ እንጨዋወታለን። «ቄስ ስለ ጸሎት ይንገረን እንጂ ስለ ሻንጣና ስለ ካርቶን ምን አገባው?» የምትል እኅት ትኖር ይሆናል። ትንሽ ታገሡኝ፤ ለምን እንዳነሣሁት ኋላ ይገባችኋል።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥር ወር ነው። በቤይሩት ጥር ዝናቡ የሚበረታበት፣ ግድግዳው ላብ የሚያወጣበት ወር መሆኑን እዚያ ያላችሁ ታውቃላችሁ። ቅዳሴ ወጥቶ ምእመኑ ሲሰነባበት አንዲት እኅት ነጠላዋን አጣፍታ ቀረበችኝና፣ «አባ፣ እባክዎ ቤታችን መጥተው ጸበል ይርጩልን» አለችኝ። ምን እንደገጠማቸው ስጠይቃት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰላም የለንም። አምስት ሆነን ነው የምንኖረው። ቀን ሥራ ውለን ማታ ስንገናኝ እንጣላለን። እንቅልፍ ይነሣናል። ዕቃ ይጠፋብናል፤ አንዷ ሌላዋን ትጠረጥራለች። መተት ተደርጎብን ይሆናል ብለን ፈርተናል» አለችኝ።

መስቀሌንና ጸበሉን ይዤ ወደ ዶራ አካባቢ ወዳለው ክፍላቸው ሄድኩ። በሩ ሲከፈት ግማሽ ድረስ ብቻ ተከፈተ፤ ከኋላው ሻንጣ ተደግፎበታል። ጎኔን አዙሬ ገባሁ። ከገባሁ በኋላ ግን እግሬን የማሳርፍበት አጣሁ። አንድ እግሬ መሬት ላይ፣ አንዱ ደግሞ በተጠቀለለ ብርድ ልብስ ላይ ሆኖ ጸሎት ጀመርኩ። ጸበሉን በአራቱም ማእዘን ልረጭ ብል ሁለቱ ማእዘኖች በዕቃ ተሸፍነው አይታዩም። መስኮቱ በሻንጣ ተደፍኗል። በበሩ አጠገብ የጋዝ ምድጃ አለ፤ ከምድጃው በላይ ደግሞ የታጠበ ልብስ በገመድ ተሰጥቷል። ጸሎቱን ጨርሼ፣ «ልጆቼ፣ ስለ መተቱ ኋላ እናወራለን። መጀመሪያ እስቲ ይህን ዕቃ አብረን እንቁጠረው» አልኳቸው።

ቆጠርነው። አሥራ አንድ ሻንጣ። ሰባት ካርቶን። በላስቲካቸው እንዳሉ ስምንት ወፍራም ብርድ ልብሶች። ሦስት የሩዝ ማብሰያ፤ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። ከአንዷ ማዳም የተሰጠ የማይሠራ ቴሌቪዥን። ባዶ የሽቶ ጠርሙስ ስፍር ቁጥር የለውም። ባለቤቷ «አደራ» ብላ ትታው ሀገር ቤት ከገባች ሦስት ዓመት የሞላት አንድ የታሰረ ካርቶን። ይህ ሁሉ የሚገኘው ርዝመቱም ወርዱም አራት አራት ሜትር በማይሞላ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት ተደራራቢ አልጋና አንድ የመሬት ፍራሽ ጨምሩበት። እኅቶቼ ዕቃቸው ቤት ተከራይቶ፣ እነርሱ በዕቃው ቤት በጥገኝነት የሚያድሩ ይመስሉ ነበር።

ዕቃ የሚጠፋው ሌባ ስላለ አልነበረም። እንቅልፍ የሚነሣቸውም ፍራሽ ውስጥ የተራባ ትኋንና የታፈነ አየር ነበር። ጠቡም ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነው፤ አንዷ ነጠላዋን ለማውጣት የአራቱን ሻንጣ ማንሣት አለባት።

<b>ኮተት ለምን ይበዛብናል?</b>

እኅቶቼን ልወቅሳቸው አልቻልኩም። እኔም ያደግሁት ምንም ነገር በማይጣልበት ቤት ነው። ባዶ ቆርቆሮ ጣሳ ይሆናል፤ ያረጀ ልብስ ድሪቶ ይሆናል፤ የተበጠሰ ገመድ ይቋጠራል። በከተማም ቢሆን «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚለው ሰው በየሰፈሩ ይዞራል፤ አሮጌ ጫማ ሰጥተሽ ሳህን ትቀበያለሽ። እንዲህ ባለ ሀገር አድጎ ደህና ዕቃ መጣል ነውር ይመስላል። በዚህ ግን ልዋጭ የለም። የሚወስደው ስለሌለ ሁሉም ከእኛ ጋር ይቀመጣል።

ሌላው ምክንያት ስጦታ ነው። ማዳም ቁም ሣጥኗን ስትጠርግ «ውሰጂ» ትላለች፤ እኛም እምቢ ማለት ያሳፍረናል። ስጦታ መቀበል መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ያገለገለ ልብስ ደመወዝ አይደለም። የወር ክፍያሽ ሲዘገይ በቦርሳና በጫማ ዝም የምትሰኚ ከሆነ ክፍልሽን የሚሞላው ያልተከፈለሽ ድካም ነው። ስጦታውን በምስጋና ተቀበዪ፤ ደመወዝሽን ግን ለብቻው ጠይቂ።

ትልቁ ምክንያት ግን ከእነዚህ የጠለቀ ነው። ከአምስቱ እኅቶች አንዷን፣ «ሻንጣሽን ለምን ፈትተሽ ልብስሽን አትሰቅዪም?» ብላት፣ «እኔ እኮ ልሄድ ነኝ አባ» አለችኝ። መቼ እንደሆነ ስጠይቃት ዝም አለች። ከመጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልትሄድ ነው። ሻንጣው ከታሰረ «እዚህ አልኖርኩም፤ መንገድ ላይ ነኝ» ማለት ነው። ከተፈታ ግን መቅረቷን ያመነች ይመስላታል። ብዙዎቻችሁ ይህን ስታነቡ የራሳችሁን ሻንጣ እንደምታስቡ አውቃለሁ። ስለዚህ «ኮተትሽን ጣዪ» ብሎ መቆጣት ቀላል ነው፤ ሸክሙ ግን የዕቃ ብቻ አይደለም።

<b>የቆሎ ተማሪ ጎጆ</b>

ልጅ ሳለሁ ጎጃም ውስጥ በቆሎ ትምህርት ቤት ሰባት ሆነን በአንዲት ጎጆ እንኖር ነበር። የእያንዳንዳችን ሀብት አንድ ደበሎ፣ አንድ አኩፋዳ፣ አንድ ቅልና መጽሐፍ ነበር። መጽሐፉ በማኅደሩ ሆኖ በግድግዳው ችንካር ላይ ይንጠለጠላል። የሰባታችን ችንካር ሰባት ነው። በሌላው ችንካር ላይ ያንጠለጠለ ተማሪ ይቀጣ ነበር። የኔታ ሲያስተምሩን፣ ዕቃህን በጨለማ እጅህን ዘርግተህ ካላገኘኸው አላስቀመጥከውም፤ ጥለኸዋል ይሉን ነበር። መብራት ስላልነበረን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ሌሊት ለትምህርት ስንነሣ እያንዳንዱ እጁን ዘርግቶ የራሱን ያነሣል፤ ማንም ማንንም አይረግጥም።

የመንግሥት መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ በሚመጣበት በሊባኖስ ይህ ትምህርት ለእናንተም ይሠራል። ክፍሉ ጠባብ መሆኑ ብቻውን አይደለም ችግሩ። ሰባት ሆነን ከዚያ በጠበበ ጎጆ ኖረናል። ለእያንዳንዱ ሰው የታወቀ ቦታ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ የታወቀ ችንካር ስለነበረ ግን አልተጣላንም። ከየኔታ የተማርኩትን ለአምስቱ እኅቶች ነገርኳቸውና በሦስተኛው እሑድ እንደምመለስ ቃል ገባሁ። አንዷ፣ «በሰንበት ዕቃ ማንሣት ኃጢአት አይሆንም?» ብላ ጠየቀችኝ። ዕረፍታቸው እሑድ ብቻ ነው። ቅዳሴ አስቀድሰው ሲመለሱ ለጓደኛቸው የሚያልፍበት መንገድ ቢከፍቱላት በጎ ሥራ እንጂ ሌላ አይደለም አልኳት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው በእነዚያ ሳምንታት ያደረግነው ነው። ለእናንተም ይጠቅማል።

<b>አንደኛ፣ በርና መስኮት ይከፈት</b>

ሥራው ከቁም ሣጥን አይጀምርም፤ ከበር ይጀምራል። በሩ እስከ መጨረሻው እስኪከፈት ድረስ ከኋላው ያለው ሁሉ ይነሣ። ከአልጋ እስከ በር ያለ መንገድ በጨለማ በባዶ እግር የሚያስኬድ ይሁን። ከምድጃ በላይ ልብስ አይሰቀል፤ ከጋዝ ሲሊንደር አጠገብ ካርቶንና ፌስታል አይቀመጥ። መስኮቱ ይከፈት፤ አየር ይግባ።

ለምን አጥብቄ እንደምናገር ታውቃላችሁ። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. በቤይሩት ወደብ በደረሰው ፍንዳታ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ የከተማው መስኮት ረግፎ ብዙዎችን ያቆሰለው መስታወቱ ነበር። ስለዚህ አልጋችሁ ከመስኮት ሥር ከሆነ ቦታ በተገኘ ጊዜ አርቁት። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲበረታ ከደቡብ ሊባኖስና ከቤይሩት ደቡባዊ መንደሮች ብዙ እኅቶች በለበሱት ልብስ ብቻ ወጡ። በእንደዚያ ያለ ሰዓት ያለሽ ጊዜ ደቂቃ ነው። በሩን የዘጋው ሻንጣ ስንት ብር እንደተገዛ ያን ጊዜ ማንም አይጠይቅም።

<b>ሁለተኛ፣ የወረቀት ቦርሳ</b>

ከኮተቱ ሁሉ ቀድሞ መለየት ያለበት ወረቀት ነው። አንዲት ዚፕ ያላት ትንሽ ቦርሳ አዘጋጂ። በውስጧ ፓስፖርትሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ የሥራ ውልሽ፣ የሐኪም ወረቀትሽ፣ ልጅ ካለሽ የልደትና የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ እንዲሁም የዘመድና የቆንስላ ስልክ በወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ። ስልክ ይጠፋል፤ ባትሪም ያልቃል። ፓስፖርትሽ በአሠሪ እጅ ከሆነ ቢያንስ ቅጂውን ያዢ። ሁሉንም ፎቶ አንሥተሽ በዋትሳፕ ወይም በኢሞ ሀገር ቤት ላለ ለምታምኚው ሰው ላኪ። ቦርሳዋ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በራስሽ ችንካር ላይ ትንጠልጠል።

ከአምስቱ አንዷ እኅት ወረቀቷን ስትለቅም ያየሁት ነገር እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ስምንት ዓመት ሙሉ በወንድሟ በኩል ለቤት መሥሪያ ብር ትልክ ነበር። ቤቱ ተሠርቶ አልቆ፣ አሁን «የማን ነው?» የሚል ክርክር ተነሥቷል። ደረሰኞቿን ግን አንድም ሳትጥል በሻንጣ ጎን ባለ ኪስ ሰብስባ ነበር። «ማስረጃዬ ይህ ነው» ብላ በኩራት አወጣቻቸው። ነጭ ወረቀት ነበሩ። ከገንዘብ መላኪያ የሚሰጠው ያ የሚያብረቀርቅ ስስ ወረቀት በቀለም የተጻፈ አይደለም፤ በሙቀት የሚታተም ነው። ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው፣ ላስቲክም ሲነካው ጽሑፉ እየደበዘዘ ይጠፋል። ያን ሁሉ ነጭ ወረቀት በእጇ ይዛ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን ስታነሣ ማየት ያሳዝናል።

በማግሥቱ መታወቂያዋን ይዛ ብሩን ወደ ላከችባቸው ቤቶች ሄደች። የቅርቡን ዓመታት ዝርዝር ከመዝገባቸው አውጥተው ሰጧት፤ የቀድሞውን ግን አላገኘችም። ክርክሩም ገና አላለቀም። ስለዚህ እኅቴ፣ ደረሰኝ በተቀበልሽበት ቀን እዚያው ቆመሽ ፎቶ አንሺው። የቀድሞዎቹ ገና የሚነበቡ ከሆነ ዛሬ ማታ አንሺያቸው፤ ለነገ አታሳድሪ። በየዓመቱም በፖስታ ለይተሽ ዓመተ ምሕረቱን ጻፊበት።

<b>ሦስተኛ፣ አራት ክምር</b>

እያንዳንዷ የራሷን ብቻ ትለይ፤ የሌላዋን ማንም አትንካ። ክምሩ አራት ነው፤ የምጠቀምበት፣ የሚላክ፣ የሚሰጥ፣ የሚጣል። በቀላሉ ጀምሪ። ባዶ ጠርሙስ፣ የተሰበረ ዕቃ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትና ቅባት፣ ጥንዱ የጠፋ ጫማ፤ እነዚህ ልብ አያስጨንቁም። ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤና የልጅ ዕቃ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ በእነርሱ ከጀመርሽ ቁጭ ብለሽ ስታለቅሺ ይመሻል።

የአደራ ዕቃ ከሆነ ለባለቤቷ ይደወል። እኅቶቼ ያን ሦስት ዓመት የተቀመጠ ካርቶን ለባለቤቷ ደውለው በስልክ እያሳዩ ከፈቱት። እርሷም፣ «እኔማ ረስቼው! ፎቶዎቹን ብቻ ላኩልኝ፤ ሌላውን ለሚለብሰው ስጡ» አለች። እነርሱ ሦስት ዓመት ሲሸከሙ እርሷ ከነመኖሩ ረስታው ነበር።

ስትሰጪ ደግሞ የሚለበሰውን አጥበሽ ስጪ። ቡቱቶ ለድሃ አይሰጥም።

ዘጠኝ ዓመት ልትሄድ ነው ያልኳችሁ እኅት ሦስት ሻንጣ ነበራት። ሁለቱን ለየች፤ ሦስተኛውን ግን አልከፍትም አለች። አላስገደድናትም። በሁለተኛው እሑድ ማታ በራሷ ጊዜ ቁልፉን አወጣች። ውስጡ የአራት ዓመት ልጅ ልብስ ነበር። ዋጋው ከነወረቀቱ ያለ ቀሚስ፣ ነጭ ካልሲ፣ መዳፍ የምታክል ቀይ ጫማ። ሀገር ቤት ትታት የመጣችው ልጇ ያን ጊዜ አራት ዓመቷ ነበር። በየዓመቱ አንዳንድ ነገር እየጨመረችበት፣ ነገር ግን ስትገዛ ሁልጊዜ በዓይኗ የምትመጣባት ያችው የአራት ዓመቷ ሕፃን ነበረች። ልጅቱ አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

ጓደኞቿ ዝም ብለው ከበቧት። አንዷ «ለምን አትደውዪላትም?» አለቻት። ደወለች፤ ቀዩን ጫማ በስልኩ አሳየቻት። ልጅቱ መጀመሪያ ሳቀች፤ «እማዬ፣ ይሄ እኮ አውራ ጣቴም አይገባበትም!» አለች። ቀጥላ ግን ዝም አለችና፣ «ሁሉን ስጪው። ያቺን አንዷን ቢጫ ቀሚስ ግን አምጪልኝ፤ ትቀመጥልኝ» አለቻት። እናቲቱ ቢጫውን ቀሚስ አጥፋ ለብቻው አስቀመጠች። የቀረውን እዚያው ቤይሩት ልጆቻቸውን ይዘው ለሚቸገሩ እናቶች አከፋፈለች። ኋላ ስትነግረኝ፣ «አባ፣ ሻንጣው ባዶ ሲሆን ልጄ ያደገች መሰለኝ» አለችኝ። ያን ሌሊት አለቀሰች፤ ከዚያ በኋላ ግን ተኛች።

<b>አራተኛ፣ ለእያንዳንዷ ችንካር</b>

የቀረውን ዕቃ ስታስቀምጡ በእኩል አካፍሉ። ለእያንዳንዷ አንድ መስቀያ፣ አንድ መደርደሪያ፣ ከአልጋ ሥር አንድ ሻንጣ። ከዚህ የሚተርፍ ካለ ባለቤቷ ታስብበት እንጂ የጋራውን ቦታ አትውሰድ። ከዚያ ወዲያ አዲስ ዕቃ ሲገባ አንድ አሮጌ ይውጣ።

ካርቶን የበረሮ ቤት ነው፤ ክዳን ያለው የላስቲክ ዕቃ ቢገኝ ይሻላል። ሻንጣ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ በእርጥብ ግድግዳ የተጠጋ ልብስ ይሻግታል። ትኋን ካለ ጨርቁ ሁሉ ከ60 ዲግሪ ባላነሰ ሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ በታሰረ ላስቲክ ይቀመጥ። በፍራሹ ስፌትና በአልጋው ስንጥቅ ውስጥም ፈልጉት። ይህ የሚደረገው በአንድ ቀን ሁላችሁም አብራችሁ ነው፤ አንዷ ብታጥብና አራቱ ቢተዉ ተመልሶ ይመጣል።

በርበሬና ሽሮ በተለየ ዕቃ ስማቸው ተጽፎ ይቀመጡ። በረኪና ግን በውኃ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ በጨለማ ተጠምቶ የሚያነሣው ሰው አለ። በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ይህን በማድረግ የታፈኑ ሰዎች አሉ። ማዳም «ቀላቅዪው፣ የበለጠ ያነጣል» ብትልሽም አታድርጊው።

<b>በአሠሪ ቤት ለምትኖሩ</b>

የራሳችሁ ክፍል የሌላችሁ፣ በወጥ ቤት ጥግ ወይም በበረንዳ የምታድሩ እኅቶች «ይህ እኛን አይመለከትም» እንዳትሉ። ያላችሁ አንድ ቦርሳ ቢሆንም የወረቀት ቦርሳዋ ለእናንተ ትበልጥ ታስፈልጋለች።

የአሠሪን ቤት እንድታስተካክሉ ስትታዘዙ ደግሞ ጥንቃቄ አድርጉ። ቁም ሣጥን ሲለይ ማዳም አብራሽ ትሁን። ቆሻሻ የመሰለሽን ወረቀት እንኳ ሳታስጠይቂ አትጣዪ፤ ያልገባሽን በአንድ ካርቶን ለይተሽ «ይህን እዪልኝ» በያት። ከልብስ ኪስ ገንዘብ ወይም ወርቅ ስታገኚ እዚያው በእጇ ስጫት። የሰጠችሽን ዕቃ ሌላ የቤተሰብ ሰው ባለበት ተቀበዪ፤ ቢቻል «ሰጥቼሻለሁ» የሚል መልእክት በስልክ ትጻፍልሽ። ሀገር ቤት ስትሄጂም ሻንጣሽን በፊቷ እሰሪ። በስጦታ የተሰጣት ቀሚስ በስርቆት ያስጠረጠራት እኅት አውቃለሁ፤ ንጽሕናዋን የሚመሰክርላት ወረቀት አልነበራትም።

<b>የሚላከው ዕቃ</b>

ካርጎ ከመላክሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ የማጓጓዣውን ዋጋ በኪሎ አስልተሽ ዕቃው ሀገር ቤት ከሚገዛበት ጋር አመሳክሪ፤ ብዙ ጊዜ ብርድ ልብሱን ከምትልኪ ብሩን ብትልኪ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ለሚላክለት ሰው ደውለሽ «ምን ያስፈልግሃል?» በዪ።

በአንድ ወቅት ሀገር ቤት ሄጄ ሳለ ልጃቸው በዐረብ ሀገር የምትሠራ አንዲት እናት ቤት ገብቼ ነበር። ሻይ አቀረቡልኝ፤ ስኒው ጆሮው የተሰበረ ነው። ኋላ ጓዳቸውን አሳዩኝ። እስከ ጣሪያው ካርቶን ተደርድሯል፤ ስኒ፣ ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍ፣ ድስት። አንዱም አልተከፈተም። አይጥ የጎኑን ቀዳዶታል። «እማማ፣ ለምን አይጠቀሙበትም?» ስላቸው፣ «ልጄ ስትመጣ አብረን እንክፈተው ብዬ ነው» አሉኝ። እናንተ እዚህ ለእነርሱ ብላችሁ ታስራላችሁ፤ እነርሱ እዚያ ለእናንተ ብለው ያስራሉ። መካከል ላይ የሚጠቀመው አይጥ ነው። ዛሬ ደውላችሁ፣ «ክፈቱት፤ ስኒውን አውጡና ቡና ጠጡበት» በሏቸው። እናንተ ካላላችኋቸው አይከፍቱትም።

በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ ብዙዎቹ የዓመታት ዕቃቸውን ጥለው ነው የመጡት። በዚያ ጊዜ ከእነርሱ ጋር የገባው በቦርሳ የያዙት ወረቀት፣ ቀድመው የላኩት ገንዘብና በእጃቸው ያለው ሙያ ነበር።

<b>መጨረሻው</b>

በሦስተኛው እሑድ እንደ ቃሌ ተመለስኩ። በሩ እስከ ግድግዳው ተከፈተ። ከአሥራ አንዱ ሻንጣ አምስት ቀርቷል፤ እያንዳንዳቸው ከአልጋ ሥር ናቸው። በግድግዳው ላይ አምስት መስቀያ፣ በየመስቀያው አምስት ትንንሽ ቦርሳ ተንጠልጥሏል። የቆሎ ተማሪ ጎጆ ትዝ አለኝ። ጸበሉን በአራቱም ማእዘን ረጨሁ፤ ወለሉ ላይ ተቀምጠንም ቡና ጠጣን። ከዚያ በፊት በዚያ ክፍል ቡና ተፈልቶ አያውቅም፤ ረከቦት የሚቀመጥበት አልነበረምና።

«መተቱስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ተያይተው ሳቁ። ጠቡ ጨርሶ ጠፍቷል አልላችሁም፤ አሁን ደግሞ የሚከራከሩት የመጥረግ ተራው የማን እንደሆነ ነው። እርሱ ግን የጤና ጠብ ነው።

የዘጠኝ ዓመቷ እኅት አሁን ልብሷን ሰቅላለች። ሻንጣዋን በመፍታቷ መሄዷን አልተወችም። እንዲያውም ቀድሞ ለዕቃ ታወጣው የነበረውን ለትኬት ማስቀመጥ ጀምራለች። ባዶ ሻንጣ ለመንገድ ከሞላ ሻንጣ ይቀላል። ቢጫዋ ቀሚስ በወረቀት ተጠቅልላ ከላይ ተቀምጣለች።

እኅቴ ሆይ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አድርጊ አልልሽም። በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ ሥሪ፤ ደረሰኞችሽን ፎቶ አንሺ፣ አንድ ሻንጣ ፍቺ። ከባድ ከሆነብሽ ብቻሽን አትፍቺው፤ ጓደኛሽ አጠገብሽ ትቀመጥ። የቀረውን በሚቀጥለው እሑድ ትቀጥያለሽ።

እስከሚቀጥለው እትም ድረስ ቸር ያሰንብተን። ከስደት መልሶ ለሀገራችሁ አፈር፣ ለእናቶቻችሁ ደጃፍ ያብቃችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።